የትልቅ ዝርያ ቡችላዎን ለማሳደግ አይቸኩሉ

በከተሞቻችን ግቢያቸውን ለማስጠበቅ ወይም ለልጆቻቸው ጓደኛ እንዲሆን በማሰብ ጀርመን ሸፐርድ፣ ሮትዋይለር፣ ላብራዶርና ሌሎችንም ትልልቅ የውሻ ዝርያዎች የሚያሳድጉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ቡችላው ቤት በገባ ማግስት የሚነሳው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ቶሎ እንዲያድግ ምን ላብላው?» የሚል። እኛ ደግሞ ከጅምሩ ልናሳስብዎ የምንወደው ጥያቄው ራሱ መታረም እንዳለበት ነው። ለትልቅ ዝርያ ቡችላ ቶሎ ማደግ የጤና ምልክት አይደለም። ብዙዎቹ የእግርና የዳሌ ችግሮች የሚባባሱት ባለቤቱ «እንዴት ፋፋልኝ!» ብሎ በሚደሰትባቸው ወራት ነው።

ትልቅ ዝርያ የሚባለው በጥቅሉ አድጎ ሲጨርስ ክብደቱ ከ25 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ውሻ ነው። ወንድ ጀርመን ሸፐርድ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ሲወለድ ግን ግማሽ ኪሎ ገደማ ነበር። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ከ60 እጥፍ በላይ ያድጋል ማለት ነው። በዚህ ስሌት 3 ኪሎ ሆኖ የተወለደ ሕፃን በአንድ ዓመት ተኩሉ 180 ኪሎ ይመዝን ነበር። ይህን ሁሉ ክብደት የሚሸከሙት አጥንቶች ጫፋቸው ላይ ገና ያልጠነከረ፣ አጥንቱ የሚረዝምበት ለስላሳ ክፍል አላቸው። በትንንሽ ዝርያዎች ይህ ክፍል አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይጠነክራል። በትልልቆቹ ግን ከ12 እስከ 18 ወራት፣ በጣም ግዙፍ በሆኑት ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል። ሥጋው ከአጥንቱ ከቀደመ መገጣጠሚያው ይጎዳል። የዳሌ መገጣጠሚያ በትክክል አለመግጠም ከወላጅ የሚወረስ ችግር ነው፤ ሆኖም በዘር የመጣው ችግር ምን ያህል እንደሚከፋ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ በእርስዎ እጅ ያለው የምግብ ሳህን ነው።

ይህ ግምት አይደለም። በአሜሪካ 48 የላብራዶር ቡችላዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ተጣምረው፣ ከስምንት ሳምንት ዕድሜያቸው ጀምሮ አንደኛው ከጥንዱ ሩብ ያህል ያነሰ ምግብ እየተሰጠው ዕድሜ ልካቸውን ተጠንተዋል። በ2002 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ውጤት እንዳመለከተው፣ ተመጥኖ ከተሰጣቸው ውሾች ግማሾቹ 13 ዓመት ሲደርሱ፣ በደንብ ከበሉት ግማሾቹ የደረሱት 11 ዓመት ከጥቂት ወራት ነው። የዳሌው ችግርም በቀጫጮቹ ላይ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ምግቡ አንድ ዓይነት ነበር፤ ልዩነቱ መጠኑ ብቻ ነው። እዚህ ላይ «ተመጥኖ» ማለት ማስራብ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። መጠኑን እንዴት እንደሚያውቁ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ጉዳይ ካልሲየም ነው። በዚህ ላይ ሰፋ አድርገን ብንጽፍ ይገባናል፤ ምክንያቱም በጎ በማሰብ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። የቡችላው የፊት እግር ትንሽ ሲጎብጥ ወይም መዳፉ ወደ ውጭ ሲዞር፣ «ካልሲየም አንሶት ነው» የሚል ምክር ከጎረቤትም፣ ቡችላውን ከሸጠው ሰውም፣ አንዳንዴም ከመድኃኒት መሸጫ ይመጣል። ባለቤቱም የካልሲየም ሽሮፕ ወይም ዱቄት ገዝቶ ምግቡ ላይ ያፈስበታል። ቡችላው የሚበላው የተመጣጠነ የታሸገ ምግብ ከሆነ ግን ካልሲየም ሊያንሰው አይችልም፤ ጉብጠቱም የመጣው ከትርፉ ሊሆን ይችላል። ያደገ ውሻ ከሚበላው ካልሲየም የሚያስፈልገውን ወስዶ ሌላውን ያስወግዳል። ስድስት ወር ገደማ ያልሞላው ቡችላ ግን ይህን የመቆጣጠር አቅሙ ገና ስላልዳበረ የመጣለትን ትርፍ ወደ ሰውነቱ ያስገባል። በኔዘርላንድ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ግሬት ዴን በተባለው ግዙፍ ዝርያ ቡችላዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ከሚያስፈልገው ሦስት እጥፍ ያህል ካልሲየም የተሰጣቸው ቡችላዎች አጥንታቸው በትክክል ሳይጠነክር ቀርቶ የእግር መጣመም ታይቶባቸዋል። በተመጣጠነ ምግብ ላይ ካልሲየም መጨመር ይቅርብዎ። ጉብጠት ካዩ ቡችላውን ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።

በሌላው ጫፍ ደግሞ በእርግጥ ካልሲየም የሚያንሳቸው ቡችላዎች አሉ። እነዚህ የቤት ትርፍራፊ ወይም ሥጋ ብቻ እየበሉ የሚያድጉት ናቸው። ቀይ ሥጋ ምን ምርጥ ቢሆን ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጣል፤ ለቡችላ የሚመከረው ግን ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ እኩል ወይም እስከ እጥፍ እንዲሆን ነው። ይህ ሲዛባ ሰውነቱ የጎደለውን ከገዛ አጥንቱ እየቀዳ ይሞላል፤ አጥንቱም ሳስቶ በትንሽ ዝላይ ይሰበራል። እንጀራም ቢሆን ጤፍ ከብዙዎቹ እህሎች የተሻለ ካልሲየም ይኑረው እንጂ ፎስፈረሱ ስለሚበልጥ ክፍተቱን አይሞላም። ፕሮቲኑም ለሚያድግ ቡችላ አይበቃም።

በዚህ ረገድ የአገራችን የዓመት ዑደት ለቡችላ የሚያመጣው ልዩ ፈተና አለ። ቡችላው በሁለት ወሩ ቤትዎ ቢገባና ዓቢይ ጾም ቢጀመር፣ 55ቱን ቀን ከቤተሰቡ ማዕድ የሚተርፈው እንጀራና ሽሮ ብቻ ነው። ወቅቱ አጥንቱ በፍጥነት የሚያድግበት ነው። የፋሲካ ዕለት ደግሞ በድንገት ጥሬ ሥጋ፣ ስብና አጥንት ይቆለልለታል። የቤተሰቡ ጾም የቡችላው እንዳይሆን የእርሱን ምግብ አስቀድሞ ለብቻው ማሰብ ያስፈልጋል። ወጡም ቢሆን ለውሻ አይሆንም። ቁሌቱ የተሠራበት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስልም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል። ጉዳቱ ቀስ እያለ ስለሚታይ ባለቤቱ ከምግቡ ጋር አያያይዘውም። የተቀቀለ አጥንት እየተሰነጠረ አንጀት ይበሳል። የላም ወተትም ጡት የተወ ቡችላን ብዙ ጊዜ ያስቀምጠዋል። የሻገተ ዳቦና በቆሎ በሻጋታው መርዝ ጉበቱን ስለሚጎዳ «ለውሻ ይሆናል» ተብሎ መቀመጥ የለበትም።

ከሥጋ ቤት በርካሽ የሚገኘው ጥሬ ሳንባና ጉበት ግን ከውሻው አልፎ የቤተሰብዎ ጉዳይ ነው። በግ፣ ፍየል፣ ከብትና ግመል በሳንባቸውና በጉበታቸው ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚፈጥር የትል እጭ ሊኖርባቸው ይችላል። ውሻው ይህን ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ውሻው ግን የታመመ አይመስልም። የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በፀጉሩ፣ በሣሩና በአትክልቱ ላይ ይቀራል። ውሻውን ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ የበላ ልጅ እንቁላሉን ከዋጠ፣ ከዓመታት በኋላ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ከረጢት ሊገኝበት ይችላል። በሽታው በአገራችን ያለ ነው። በበዓል ግቢ ውስጥ ሲያርዱ ከረጢት ያለበትን ሳንባ ወይም ጉበት ለውሻ አይወርውሩ፤ ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት። ጤነኛ የሚመስለውንም ቢሆን በደንብ ሳይቀቅሉ አይስጡ። የትል መድኃኒቱን ደግሞ ሐኪሙ ባዘዘው ጊዜ ያስውጡት።

እንግዲህ ምን ይግዙ? አቅምዎ ከፈቀደ ቢያንስ አጥንቱ እስኪጠነክር ድረስ ለትልቅ ዝርያ ቡችላ ተብሎ የተዘጋጀ ምግብ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን። ከረጢቱ ላይ ካለው ፎቶግራፍ ይልቅ በስተጀርባ ያለውን ትንሹን ጽሑፍ ያንብቡ። የተሟላና የተመጣጠነ መሆኑን፣ ለማደግ ዕድሜ እንደሆነና ትልልቅ ዝርያዎችንም እንደሚጨምር የሚገልጽ ሐረግ ይፈልጉ። የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ሲያድጉ 32 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ለሚሆኑ ቡችላዎች የምግቡ ካልሲየም፣ ውሃው ተነስቶ ሲሰላ፣ ከ1.2 በመቶ እንዳያንስና ከ1.8 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ለሌሎች ውሾች ጣሪያው 2.5 በመቶ ነው፤ «ለቡችላ» የሚለው ቃል ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው። አንዳንድ አርቢዎች «ዕድገቱ እንዲዘገይ ያደገ ውሻ ምግብ ስጠው» ይላሉ። አንስማማም፤ ያ ምግብ የተመዘነው ለቡችላ አጥንት አይደለም። ፕሮቲኑን መፍራትም አያስፈልግም፤ ከፍ ያለ ፕሮቲን አጥንት ያጣምማል የሚለው የቆየ ስጋት በጥናት አልተረጋገጠም። ከተከፈተ ከረጢት በኪሎ እየተመዘነ የሚሸጥ ምግብ ሲገዙ ግን ይህን ሁሉ ማንበብ ስለማይችሉ፣ ሻጩ ዋናውን ከረጢትና የሚያበቃበትን ቀን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

ዋጋው እንደሚከብድ እናውቃለን። በማደግ ላይ ያለ ጀርመን ሸፐርድ በግምት በቀን ከ300 እስከ 400 ግራም ደረቅ ምግብ ይፈልጋል፤ ይህም በወር ከ9 እስከ 12 ኪሎ ነው። ቡችላውን ከማምጣትዎ በፊት ይህን በሰፈርዎ ዋጋ አባዝተው ይዩት። ካልተቻለ አነስ ያለ ዝርያ ወይም የአገራችንን ውሻ ማሳደግ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ሌባን ለማባረር ጩኸት እንጂ 40 ኪሎ አያስፈልግም።

ቤት ውስጥ ለማብሰል የወሰኑ ደግሞ ሩዝ ወይም የበቆሎ ገንፎ፣ የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል፣ ጥቂት ካሮትና ዘይት ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬና ያለ ጨው ማዘጋጀት ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ብቻ ካልሲየም መጨመር ግዴታ ይሆናል። ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ደርቆ እንደ ዱቄት የላመ የአንድ እንቁላል ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለው። ቡችላ በሚበላው በየ1000 ካሎሪ 3 ግራም ያህል ያስፈልገዋል፤ ጣሪያው 4.5 ግራም ነው። ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ በእፍኝ አይሆንም። ዚንክ፣ አዮዲንና ቫይታሚን ዲ የመሳሰሉትም በዚህ ምግብ ውስጥ ስለሚጎድሉ፣ የሚያበስሉትን ዝርዝር በወረቀት ጽፈው ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩና መጠኑን ያስተካክሉልዎ።

አሁን ወደ መጠኑ እንመለስ። ከረጢቱ ላይ ያለው ሠንጠረዥ መነሻ ብቻ ነው። ምግቡን በጣሳ ሳይሆን በሚዛን ይለኩ። ከዚያ እጅዎን ጎድኑ ላይ ያሳርፉ። የእጅዎን ጀርባ ሲዳስሱ እንደሚሰማዎ አጥንቱ በቀላሉ ከተሰማዎ ጥሩ ነው። እንደ መዳፍ ውስጥ ከለሰለሰ ወፍሯል፤ ምግቡን በአሥር በመቶ ያህል ይቀንሱ። ጭብጥ ሲያደርጉ እንደሚወጣው የጣት አንጓ ከሾለ ከስቷል፤ ይጨምሩለት። ከላይ ሲያዩት ወገቡ ሊታይ ይገባል። በየሳምንቱ ቡችላውን ታቅፈው ሚዛን ላይ ይውጡ፤ የራስዎን ክብደት ቀንሰው ይመዝግቡት። እንግዶች «ምነው ከሳ?» ይሉዎታል፤ ይበሉ፣ ይተዉአቸው። ለስልጠና የሚሰጡት ማባበያም ከቀኑ ምግብ ከአሥር በመቶ አይለፍ።

ሦስት ወር እስኪሞላው በቀን አራቴ፣ እስከ ስድስት ወር ሦስቴ፣ ከዚያ በኋላ ሁለቴ ይመግቡት፤ ሳህኑን ቀኑን ሙሉ ሞልተው አይተዉለት። ደረተ ጥልቅ የሆኑ ትልልቅ ዝርያዎች ጨጓራቸው በአየር ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ስለሚችል፣ ካደጉም በኋላ የቀኑን ምግብ በአንድ ጊዜ መስጠት ተገቢ አይደለም። ሆዱ ተነፍቶ፣ ለማስመለስ እየታገለ ምንም የማይወጣው ከሆነ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ከአጠገቡ ይኑር።

የምግብ ዓይነት ሲቀይሩ አዲሱን ከአሮጌው ጋር እየቀላቀሉ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይውሰዱበት። ወደ ያደገ ውሻ ምግብ የሚዛወረው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የሚያነክስ፣ ከተኛበት ለመነሳት የሚቸገር ወይም ሲሮጥ የኋላ እግሮቹን እንደ ጥንቸል አንድ ላይ የሚያነሳ ከሆነ ሐኪም ይየው፤ ሲሄዱም የሚበላውን ምግብ ከረጢትና የጻፉትን የክብደት መዝገብ ይዘው ይሂዱ።