“ራሴን ያመኛል” የምትል ልጅ



የጫጫ ብርድ ማለዳ ከመኝታ ለመነሣት እንደማያስደፍር በአካባቢው የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ስለሆነም ልጃችሁ ብርድ ልብሷን ተከናንባ “ራሴን ያመኛል፣ ትምህርት ቤት አልሄድም” ስትል አንዱን ቀን በብርዱ፣ ሌላውን ቀን በስንፍናዋ ታመካኙ ይሆናል። ነገሩ ሁለት ሳምንት ሲዘልቅስ? ምግብ ስትጠላ፣ እንቅልፍ ሲርቃት፣ ከጓደኞቿ ስትሸሽስ? ያን ጊዜ የታመመው መንፈሷ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆነ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። የእኛ ልጆች ሸክም ደግሞ ቀላል አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ተፈናቃዩ ወደ ደብረ ብርሃን ሲጎርፍ አይተዋል። በዚያው የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል።

ልጆች ስለዚህ ጭንቀታቸው ራሳቸው ቢናገሩ የሚሰማቸው አለን? በአሜሪካ አገር በኦሪገን ግዛት የሆነውን እንመልከት። የ18 ዓመቷ ሄይሊ ሃርድካስል ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ሆና እስከ ግዛቲቱ ምክር ቤት ድረስ ዘልቃ ጠየቀች፤ በ2011 ዓ.ም.ም ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ተማሪ በአእምሮ ጤና ችግር ምክንያት ቢቀር ልክ በሌላ በሽታ እንደቀረ ይቆጠርለታል፤ በሦስት ወር ውስጥም እስከ አምስት ቀን ይፈቀድለታል። “ልጆቹ ሊያታልሉበት ይችላሉ” ያሉ ነበሩ። የሄይሊ መልስ ግን፣ ልጅ ታምሜያለሁ ብሎ ከሚዋሽ እውነቱን ተናግሮ እርዳታ ቢያገኝ ይሻላል የሚል ነበር።

በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ የወጣቱን ተሳትፎ ይደግፋል። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የተነደፈው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም ሕክምናው በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ሳይወሰን እስከ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አቅዶ ነበር። ይሁን እንጂ በወረቀት የሰፈረ ነገር ጫጫ የሚደርሰው ጠያቂ ሲኖረው ነው።

መጠየቂያው ቦታም ሩቅ አይደለም። የወላጅ ተማሪ መምህራን ኅብረት፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ ለተማሪውም ወንበር አለው። ስለ አጥርና ስለ ክፍል ጥገና በምትመክሩበት ስብሰባ ላይ የተማሪዎች ተወካይ ተነሥታ ስለ ጓደኞቿ ጭንቀት ብትናገር “የልጅ ነገር” ብላችሁ አታቋርጧት። የተጨነቀ ተማሪ የሚያነጋግረው አንድ መምህር እንዲመደብ፣ ከጤና ጣቢያም ባለሙያ መጥቶ እንዲያስተምር ስትጠይቅ ድምፃችሁን ጨምሩላት።

ከዚያ በፊት ግን ሥራው በቤት ይጀመራል። ከሥራ ደክማችሁ ስትገቡ፣ ድስቱ እስኪበስል ድረስም ቢሆን ልጃችሁን ከጎናችሁ አስቀምጣችሁ አነጋግሯት። “የጎደለብሽ ምንድን ነው?” ከማለት “ምን ከበደሽ?” ማለት ይበልጣል። “ብሞት ይሻለኛል” ካለች ግን አትቆጧት፤ ራሷን ለመጉዳት አስባ እንደሆነ በግልጽ ጠይቋት። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣባትም፤ ሸክሟን ያቀልላታል እንጂ። ብቻዋን ሳትተዋት በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ከጫጫ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በደብረ ብርሃን ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ለመውሰድ ያሰባችሁም ውሰዷት፤ ነገር ግን ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት አታስጥሏት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ልጅ ግን በሽታውን የሚደብቀው ብዙ ጊዜ እኛን ፈርቶ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ “ራሴን ያመኛል” ስትላችሁ፣ ግንባሯን ከዳሰሳችሁ በኋላ አጠገቧ ጥቂት ቆዩ።