ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ፦ የተቆለፈው ፊደል

ዛሬ በትምህርት ቤታችን ቢሮ ስላጋጠመን ነገር ላጫውታችሁ።

ስሟ በፀሐዩ «ፀ» የሚጀምር አንዲት ተማሪ አለችን። በአንዱ ዝርዝር ስሟ በእንግሊዝኛው ቲ፣ በሌላው በኤስ ተጽፎ ሁለት ልጅ ሆና ቁጭ አለች። አንደኛዋ ፈተናውን አልፋለች፤ ሁለተኛዋ «አልተፈተነችም» ተብላለች። ሰርተፊኬቱ ለየትኛዋ ይሰጥ? እናቷ ሦስት ቀን ተመላለሱ።

በአማርኛ ቢጻፍ ይህ ሁሉ ባልመጣ። የቢሮው ኮምፒዩተር ግን አማርኛ አይጽፍም። አይችልም ማለቴ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. ገብቷል። በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም የአማርኛ ኪቦርድና ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ነው የመጣው። እንደ ድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ ፈልጎ መጫን የግድ መሆኑ ቀርቷል፤ ሴቲንግ ገብቶ ቋንቋውን መጨመር ነው። ታዲያ ሴቲንጉ ተቆልፏል። ፓስወርዱ ያለው ኮምፒዩተሩን በሰጠን ድርጅት እጅ ነው። ጸሐፊያችን በጠየቀ ቁጥር «ሠራተኛ ያበላሸዋል» ይሉታል።

በቆለፉት ሰዎች ሙሉ በሙሉ አልፈርድም። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቫይረስ ሲያዛምት አይተናል። የስደተኛ ፋይልም ማንም እየመጣ የሚከፍተው መሆን የለበትም። እሱን አጥብቀው ይቆልፉት። ፊደል ግን ምን አጠፋ?

ጸሐፊያችን ምን አደረገ መሰላችሁ? ዝርዝሩን በፍላሽ ይዞ ገዳሪፍ ከተማ አንድ ኮምፒዩተር ቤት ሄዶ አስተካክሎ መጣ። የልጆቹ ስም፣ የወላጆች ስም፣ የብሎክ ቁጥር ሳይቀር ማንም በሚቀመጥበት ኮምፒዩተር ላይ ቀረ! ምስጢር እንዲጠብቅ የተቆለፈው ቁልፍ ምስጢሩን ገበያ አወጣው። ሰውየውን ተቆጣሁት። ኋላ ሳስበው ግን የተቆጣሁት ማንም ባላስተማረው ነገር ነው።

ኮሌጅ ሳለን የማስተማሪያ መርጃ ክፍል ነበረን። ማይክሮስኮፕም ነበረው፤ ቁልፉ ግን ከንብረት ክፍሉ ኃላፊ ኪስ አይወጣም። ተመርቀን እስክንወጣ ማይክሮስኮፑ አልተሰበረም። እኛም አላየንበትም።

በእኔ ግምት የሁለት ቀን ከሰዓት ሥልጠና ይበቃል። አንዱን ቀን አማርኛ መጻፍ፣ ሌላውን ፍላሽ በቫይረስ መመርመርና ፋይል በፓስወርድ መዝጋት። ከዚያ እያንዳንዱ ሠራተኛ በስሙ መግቢያ ይሰጠው፤ ያጠፋ ካለ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ይህንኑ በእጅ ጽፈን (በምን እንጽፈው!) ለድርጅቱ አስተርጓሚ ሰጥተናል፤ መልስ እየጠበቅን ነው።

የልጅቷ ጉዳይ ገና አላለቀም። ወላጆች፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የራሽን ካርዳችሁን ይዛችሁ በትምህርት ቤቱ ራኩባ ሥር ተገኙ። በእጅ የተጻፈውን መዝገብ ከፍተን የልጆቻችሁን ስም አንድ በአንድ አብረን እናያለን።