ብሎግ ጥቆማ እንጂ ደረሰኝ አይደለም!

የጉለሌው ሽሮ ሜዳ ነጋዴ የደላላ ወሬ ቢሰማም ገንዘብ የሚቆጥረው ጥለቱን ዳስሶ፣ ዋጋውን ከጎረቤት ሱቅ አመሳክሮ ነው። ታዲያ ጋዜጠኛ ከብሎግ የለቀመውን የገበያ ወሬ ሳያመሳክር ማተሙ ምን ይባላል? የጋዜጠኝነት መምህርስ ብሎግን በጅምላ «አሉባልታ» ቢል ያስኬዳል?

አያስኬድም። በስማቸው ይጽፉ የነበሩ ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን በ2006 ዓ.ም. ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታስረው፣ የተፈቱት በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ነው። ለጻፈው ዋጋ የከፈለን ሰው ከስም የለሽ ወሬኛ ጋር መደመር ግፍ ነው።

ልዩነቱ የወረቀትና የኢንተርኔት አይደለም፤ ስሙን ያስቀመጠና የደበቀ ጸሐፊ ልዩነት ነው። ስም ያለውም ቢሆን ይጣራ። ያልተጣራ ዋጋ ሲታተም ጋዜጣው ማስተባበያ ያወጣል፤ ኪሳራውን የሚሸከመው ግን አምኖ የገዛው ነጋዴ ነው።