የዕቁቡ 500 ሼኬል የት ገባ?



የልጅ ልጅ ደብተሩን ይዞ መጥቶ «ሳባ፣ ሒሳብ አግዘኝ» ሲል፣ የብዙዎቻችሁ መልስ አንድ ነው፤ «እኔ የት ተምሬ ልጄ? እናትህን ጠይቃት»። ይህን መልስ እኔ አልቀበለውም። አገር ቤት ማረሻ ቀጥቅጦ ዋጋውን በእህል ይቀበል የነበረ አባት፣ ስንት ቁና ለስንት ማረሻ እንደሚሆን በቃሉ ያሰላ ነበር። ሸማኔው ድሩን የሚያደራው ክሩን ቆጥሮ ነው፤ ቢሳሳት ጥለቱ ያጋልጠዋል። እንስራና ጀበና ሠርታ ገበያ የወጣች እናት ደግሞ ስንቱ በእሳት እንደተሰነጠቀ፣ ስንቱ እንደተሸጠ፣ ለጨውና ለበርበሬ ከፍላ ምን እንደተረፋት ገና ቤቷ ሳትደርስ ታውቀዋለች። ወረቀት የለ፣ እርሳስ የለ። ይህ ሒሳብ ካልሆነ ታዲያ ሒሳብ ምንድን ነው?

እንዲያውም በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ «የኢትዮጵያ ማባዛት» እየተባለ የሚጠራ ዘዴ አለ። እጥፍ ማድረግና ለሁለት መግመስ የሚችል ሰው ሁሉ ያባዛበታል። እስቲ 13 ኪሎ የጤፍ ዱቄት ልትገዙ ነው፣ ኪሎው 12 ሼኬል ነው እንበል። በግራ 13 ጻፉ፣ በቀኝ 12። ግራውን እየገመሳችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ ግማሽ ከተረፈ ጣሉት፤ 13፣ 6፣ 3፣ 1 ይሆናል። ቀኙን ደግሞ እጥፍ እያደረጋችሁ ውረዱ፤ 12፣ 24፣ 48፣ 96። አሁን በግራ በኩል ለሁለት እኩል የሚከፈል ቁጥር ያለበትን መስመር ሰርዙ። እዚህ 6 ብቻ ነው፤ ጎረቤቱ 24ም አብሮት ይሄዳል። በቀኝ የቀሩትን ደምሩ፤ 12 እና 48 እና 96፣ በጠቅላላው 156 ሼኬል።

አስማት አይደለም። 13 ማለት 8 እና 4 እና 1 ነው። 12 ስምንት ጊዜ 96፣ አራት ጊዜ 48፣ አንድ ጊዜ ያው 12። የሰረዝነው መስመር የማያስፈልገን ሁለት ጊዜው ነበር። የጥንት ግብፆች ከ3,500 ዓመት በፊት በፓፒረስ ላይ እንዲሁ በእጥፍ ያባዙ ነበር፤ ዛሬ ኮምፒዩተርም በሆዱ ውስጥ ቁጥር የሚይዘው በዚሁ በእጥፍ በእጥፍ መንገድ ነው። ይህን ለልጅ ልጃችሁ አሳዩት። ትምህርት ቤት ሄዶ ለመምህሩ ካላሳየ ምን አለ በሉኝ።

ሒሳብ ያስቃልም። የአሥራ ሁለቱን ሰዎች ተረት ታስታውሳላችሁ? ወፍጮ ቤት ሄደው ሲመለሱ «እስቲ እንቆጠር» ይላሉ። ቆጣሪው ራሱን ይረሳና 11 ይላል። ሌላው ይቆጥራል፣ እሱም 11። «አንዱን ነብር በልቶታል!» ብለው ይላቀሳሉ፤ ከነብሩ ጋር እንዴት እንደታገለ ሳይቀር እያነሱ ሟቹን ያሞግሱታል። ኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ ቆጥራቸው «12 ናችሁ እኮ!» ብትላቸው፣ «ለካ ነብሩን ገድሎ ተመልሷል!» ብለው እልልታውን አቀለጡት።

ዕቁብ ቤት ይህ ተረት ዛሬም ይደርሳል። 12 ሰው በየወሩ 500 ሼኬል ይጥላል እንበል፤ ዕጣው 6,000 ነው። ዳኛው ገንዘቡን ሰብስቦ ቢቆጥር 5,500። ቤቱ ይታመሳል። ጸሐፊው ስም ይጠራል፣ ሁሉም «ሰጥቻለሁ» ይላል። ቡናው ይቀዘቅዛል፣ ሰው በጎን መተያየት ይጀምራል። ነብሩ ሊመጣ ምንም አልቀረው! በመጨረሻ የዳኛው የራሱ 500 ከኪሱ ሳይወጣ ይገኛል።

ስለ ዕቁብ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሁሉ «6,000 ጥዬ 6,000 ወሰድኩ፣ ትርፍም ኪሳራም የለው» ይላል። ቁጥሩ እንዲህ ቢልም ነገሩ እንዲህ አይደለም። በመጀመሪያው ወር የደረሰው ሰው 500 ጥሎ 6,000 ይዞ ይሄዳል፤ 5,500ው ያለ ወለድ የተበደረው ብድር ነው። የመጨረሻው ሰው ደግሞ 11 ወር ሙሉ ለሌሎች ሲያበድር ከርሟል። ስለዚህ ተራው ራሱ ዋጋ አለው፤ ዕጣ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ሠርግ ያለባት እናት «ተራሽን ስጪኝ» ብላ ስትለምን የምትለምነው ትልቅ ነገር ነው፤ የሰጠቻትም ትመስገን። እኔ ዕቁብን የምወደው ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ ስንት እንደሚጣል፣ ስንት ወር እንደሚጣል፣ ስንት እንደሚወሰድ ሁሉም ሰው ያውቃል። የተደበቀ ቁጥር የለም።

ሱፐር ስትገቡ ቁጥሩ ድብብቆሽ መጫወት ይጀምራል። «ሁለተኛው በግማሽ ዋጋ» የሚለውን ሚብጻዕ ውሰዱ። አንዱ 20 ሼኬል ከሆነ ሁለቱ 30 ነው፣ አንዱ በ15 መጣ። ዓይናችን ያየው «ግማሽ» የሚለውን ነው፤ ቅናሹ ግን ሩብ ነው። እሱም ሁለተኛው ዕቃ ካስፈለጋችሁ ነው። ካላስፈለጋችሁና ፍሪጅ ውስጥ ከሻገተ፣ 10 ሼኬል አላተረፋችሁም፣ 10 ሼኬል ጨምራችሁ ከፈላችሁ። ደግሞ መደርደሪያው ላይ ከትልቁ ዋጋ ሥር በትንሹ የተጻፈ የ100 ግራም ዋጋ አለ። መነጽራችሁን አድርጉና እሱን አንብቡ። ትልቁ ጥቅል ሁልጊዜ ርካሹ አይደለም።

ቤት የሚያድሰው ባለሙያም «8,000 ፕሉስ ማዓም» ሲላችሁ ጆሮ 8,000ን ይሰማና ያቺን «ፕሉስ» ይዘላታል። ማዓም ከያኑዋር 1 ቀን 2025 ጀምሮ 18 ከመቶ ሆኗል። በቃል ለማስላት አትፍሩ፤ የ8,000 አሥር ከመቶ 800 ነው፣ እጥፉ 1,600፤ ከዚያ ላይ ሁለት ከመቶውን፣ ማለትም 160ን ቀንሱ፤ 1,440 ቀረ። የምትከፍሉት 9,440 ነው። ሥራው ሳይጀመር «ከነማዓሙ ስንት?» በሉት።

ከሁሉ ይልቅ የምሰጋላችሁ ግን በር አንኳኩቶ ወይም ስልክ ደውሎ ስለሚመጣው ሻጭ ነው። የውሃ ማጣሪያ ይሆናል፣ ፍራሽ ይሆናል፣ ለወገብ የሚሆን ማሻሻ ይሆናል። ንግግሩ ማር ነው፤ «እማ» ይላል፣ ቡና ጠጥቶም ይሄዳል። የዕቃውን ዋጋ አይናገርም፣ «በወር 99 ሼኬል ብቻ» ነው የሚለው። ያኔ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ «ካማ ታሽሉሚም?» እና «ካማ ዜ ቤሳኽ ሀኮል?»። ክፍያው 36 ጊዜ ነው ካለ፣ 99ን 100 አድርጉት፤ 36 ጊዜ 100፣ 3,600። በየወሩ የጨመራችኋትን አንዳንድ ሼኬል፣ 36ቱን መልሱ። 3,564 ሼኬል! ይህን ገንዘብ ቆጥራችሁ እጁ ላይ ታስቀምጡለት ነበር? «እስክታቆሙት ድረስ በየወሩ ይቆረጣል» ካለ ደግሞ የባሰ ነው፤ መጨረሻው የማይታወቅ ነገር ደግሞ አይባዛም።

ፈርማችሁ ከሆነስ? ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። የእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በስልክ ወይም ቤት ድረስ በመጣ ሻጭ የተደረገን ግዢ ማንኛውም ሰው በ14 ቀን ውስጥ እንዲሰርዝ ይፈቅዳል። ዕድሜው 65 ዓመት የሞላው፣ አካል ጉዳተኛ የሆነ፣ ወይም ዓልያ ካደረገ 5 ዓመት ያልሞላው ሰው ግን፣ ከሻጩ ጋር ንግግር ተደርጎ የተፈጸመ ግዢ ከሆነ፣ 4 ወር አለው። ለዕቃ ከሆነ የሚቆጠረው ዕቃው ወይም የውሉ ወረቀት ከደረሳችሁበት ቀን ነው፣ ከሁለቱ ከዘገየው። ቶሎ የሚበላሽ ነገርና አንዳንድ ሌሎች ዕቃዎች ከዚህ ውጭ ስለሆኑ መጠየቅ ነው። በሃሳብ ለውጥ ለሰረዛችሁበት ሻጩ ሊያስከፍል የሚችለው ከዋጋው 5 ከመቶ ወይም 100 ሼኬል ነው፣ ከሁለቱ አነስተኛውን። የ3,564 አሥር ከመቶ 356.40 ነው፣ ግማሹ 178.20። 100 ከዚህ ያንሳል፤ ስለዚህ ከ100 ሼኬል በላይ ቢጠይቃችሁ «አይሆንም» በሉት። ስረዛውን በጽሑፍ አድርጉ፣ ኮፒውንም ያዙ። ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ ያ ሒሳብ አግዘኝ ያለው የልጅ ልጅ ይጻፍላችሁ፤ ማባዛት አስተምራችሁት የለ!

እስከሚቀጥለው ወር አብራችሁ የምትሠሩት አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ። ሁለት ሱቆች አንድ ዓይነት ጫማ በ200 ሼኬል ይሸጣሉ። አንደኛው «50 ከመቶ ቅናሽ፣ ካሳው ላይ ደግሞ ተጨማሪ 20 ከመቶ» ብሎ ለጥፏል። ሁለተኛው «70 ከመቶ ቅናሽ» ይላል። አያት «50 እና 20፣ 70፤ ያው ነው» ብለው አንደኛው ሱቅ ገቡና ገዙ። የልጅ ልጃቸው ከሁለተኛው ገዛ። ቤት ሲገቡ አያት ከልጁ 20 ሼኬል አብልጠው መክፈላቸው ታወቀ። ማንም አልዋሸም፣ ነብርም አልበላም። 20 ሼኬሏ የት ገባች?