የድመት ሽንት በቀለም አይሸፈንም

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፣ ይልቁንም ለአከራዮች፣ ለተከራዮችና ለደላሎች፤

ባለፈው ክረምት በሰፈራችን የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ ያልሰማችሁም ስሙ። ሁለት ልጆች ያሏት አንዲት እናት ሚያዝያ ላይ አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ተከራየች። ቤቱ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ሊሾው ታጥቧል፣ ደላላው በርና መስኮቱን ከፋፍቶ ጠብቋታል፤ በዚያ ላይ ከትልቁ ቤት የእጣን ጭስ ይመጣል። ቸኮል ቸኮል ተብላ የሁለት ወር ቅድሚያ ከፈለች፣ ለደላላውም የድርሻውን ሰጠች፣ ዕቃዋን አስገባች። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ዓይን የሚያቃጥል የድመት ሽንት ሽታ! ልጆቹ "ልብሳችሁ ይሸታል" ተብለው እያለቀሱ ከትምህርት ቤት መጡ። ለአከራይዋ ብትነግራቸው "አንቺው ድመት አስገብተሽ ነው እንጂ ቤቴ ንጹሕ ነበር" አሏት። ይህች ሴት ግን ድመት የላትም፤ ኖሯትም አያውቅም። ጉዳዩ እኛ ዘንድ የደረሰው ነሐሴ ላይ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ገንዘቧን ትታ ለመውጣት ዕቃ መሸከፍ ጀምራ ነበር።

ሄደን አየን። መሰላል አቁመን የኮርኒሱን አንድ ጥግ ገለጥ ብናደርገው፣ ችፑዱ ከላይ በኩል ቡናማ ቡናማ ክብ እየሠራ በስብሷል። በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ድመት የሚያስገባ ክፍተት አለ። የሰፈሩ ድመት ሁሉ ስንት ዓመት እንደተመላለሰበት እግዜር ይወቀው። አዲሱ ቀለም የተቀባው በዚያ እድፍ ላይ ነው። ማን እንደሆነ ስም አንጠራም፤ ነገሩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለምና። ከዚህ ቤት በፊትም በኋላም እንዲህ ያለ አቤቱታ ሰምተናል።

እኛ የምንለው ይህ ነው፦ ሽታ መሸፈን ጽዳት አይደለም። የሚሸት ቤት ቀብቶ ማከራየት ማታለል ነው። ተከራዩም ቢሆን በራሱ ድመት ያበላሸውን ቤት በእጣን አጭሶ ቁልፍ አስረክቦ ውልቅ ቢል ያው ማታለል ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ላይ ደግሞ የሚብሰው በሽታውን ደብቆ ለሌላ ሰው መሸጡ ነው።

"ኧረ ሽታ ምን ያደርጋል፣ በር ከፈት አድርጎ እጣን ማጨስ ነው" የሚሉ አሉ። እውነቱን ለመናገር እኛም ብለነዋል። የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ወለል ላይ አንዲት ድመት ወልዳ በነበረ ጊዜ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ከርቤና እጣን ስናጨስ ከርመን ትርፉ ሳል ነበር። ጭሱ ሲሄድ ሽንቱ እዚያው አለ። ለምን እንደሆነ በኋላ ነው የገባን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽንት ውስጥ ዩሪያ የሚባል ነገር አለ፤ ባክቴሪያ እየበላው ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል፤ ያ ዓይንና አፍንጫ የሚያቃጥለው እሱ ነው። አሞኒያው ግን ይተናል፣ ይሄዳል። የማይሄደው ዩሪክ አሲድ ነው። ይህ እንደ ደቃቅ ጨው ሆኖ ይደርቅና በሊሾው ቀዳዳ፣ በጣውላው ስንጥቅ፣ በጭቃው ጭድ ውስጥ ይቀመጣል፤ በተራ ውሃ በቀላሉ አይሟሟም። በበጋ ደርቆ ዝም ይላል። አየሩ እርጥበት ሲያገኝ ያ የደረቀው እንደገና ይረጥባል፣ ሽታውም ይነሣል። ለዚህ ነው ሚያዝያ ላይ የማይሸት ቤት በሐምሌ የሚሸተው። ሚያዝያ ላይ ያየ ተከራይ ሞኝ አይደለም ማለት ነው። የድመት ሽንት ደግሞ ከሌላው ይልቅ የታመቀ ነው፣ በተለይ ወንዱ ድመት "ይህ ግዛቴ ነው" ብሎ ግድግዳ ላይ የሚረጨው። ሽታው ጨርሶ ካልጠፋ እንስሳው እኛ የማንሰማውን እያሸተተ እዚያው ቦታ ይመለሳል።

አሁን ከሁሉም በፊት አጥብቀን የምንቃወመውን እንናገር። በረኪና! ሰዉ ሁሉ ሽታ ሲሰማው ወደ በረኪና ነው የሚሮጠው። በረኪና በሽንት ላይ ሲፈስ ከአሞኒያው ጋር ተዋህዶ ክሎራሚን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ከሽንት ቤት አሲድ ወይም ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሁለቱም ሳንባ ያቃጥላሉ። በሰፈራችን አንዲት ልጅ በር ዘግታ በረኪናና አሲድ አንድ ላይ ደፍታ ስታጥብ ትንፋሽ አጥሯት ጎረቤት ነው ጎትቶ ያወጣት። አንድ ክፍል ቤት፣ አንድ ትንሽ መስኮት፣ ውስጥ ሕፃን የተኛበት ቤት ውስጥ ይህን ማድረግ ምን ይባላል? በሽንት ላይ በረኪና አታፍስሱ። ቀድሞ የፈሰሰ ካለም ሌላ ነገር ከመጨመራችሁ በፊት በብዙ ውሃ እጠቡት፣ በርና መስኮት ክፈቱ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ትኩስ ሽንት ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ በአሮጌ ጨርቅ ተጭኖ መምጠጥ ነው፣ ማሸት አይደለም፤ ማሸት ወደ ውስጥ ይሰደዋል። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በትንሽ ሳሙና። ፈላ ያለ ውሃ አያስፈልግም፣ ሽታውን ጭራሽ ያነሣዋል።

የቆየውን ለማስለቀቅ መጀመሪያ ቦታውን ማወቅ ያስፈልጋል። አፍንጫ ያታልላል፤ ጥቂት ከቆዩ በኋላ ይለምዳል፣ አይሰማም። ሱቆች የብር ኖት የሚያረጋግጡበት ሐምራዊ መብራት አለ፤ ማታ ቤቱን አጨልሞ ግድግዳና ወለሉን በእሱ ቢያዩት የደረቀ ሽንት ቢጫማ ሆኖ ይበራል። የሳሙናና የሌላም እድፍ ሊያበራ ስለሚችል ጠጋ ብሎ ማሽተት ነው። በጠመኔ አክብቡት።

ቀጥሎ ከመድኃኒት ቤት 3 በመቶ የሚል የተጻፈበት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ያው ቁስል የሚታጠብበት፣ ይገዛል። ለአንድ ሊትር የቡና ሲኒ የማይሞላ ቤኪንግ ሶዳና አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ጨምሮ፣ ጓንት አድርጎ፣ በተከበበው ቦታ ላይ አፍስሶ ሩብ ሰዓት ያህል መተው፣ ከዚያ ማጠብ። ለሊሾ፣ ለፕላስቲክ ምንጣፍ ይሆናል። ቀለም ያለው ጨርቅና ምንጣፍ ያነጣል፤ ስለዚህ በማይታይ ጥግ ሞክሩት። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የተበጠበጠው ትርፍ በጠርሙስ ተከድኖ አይቀመጥም፣ አረፋው ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። ድፉት።

አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ተቀላቅሎ አሞኒያውን ይገድለዋል፤ ለጨርቅና ለፍራሽ ጥሩ ነው። እብነ በረድን ግን ይበላል፣ ሊሾንም ቢቆይበት ይጎዳል። ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ በአንዳንድ ትልልቅ ሱቆች ከተገኘ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፤ ዩሪክ አሲዱን ራሱን የሚፈታው እሱ ነውና። ሰዉ ግን ረጭቶ ወዲያው ይጠርገዋል! በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ሌሊቱን ሙሉ ሳይደርቅ መቆየት አለበት። በረኪና የነካው ቦታ ሳይታጠብ ከተደረገ ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ገንዘባችሁም ከንቱ ይቀራል።

አንድ ጊዜ አጥቦ ተስፋ መቁረጥም የለም። አሮጌ ሽንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይፈልጋል፤ በየመካከሉ በደንብ ማድረቅ ነው። ይህን የምናደርገው በበጋ ቢሆን ይመረጣል።

አሁን ወደ ኮርኒሱና ወደ ግድግዳው እንምጣ፤ የእኛ ሰፈር ዋናው ጣጣ ይኸው ነውና። ሽንት የጠጣ ችፑድ አይታጠብም። የአቡጀዲ ኮርኒስም እንደዚያው። ተገንጥሎ ወጥቶ መጣል አለበት፤ አቧራው እንዳይነሣ ቀድሞ ውሃ ይርከፍከፍበት፣ አፍና አፍንጫም ይሸፈን፣ የአይጥም ሽንት አብሮ ይኖራልና። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ የሸተተው ምርጊት ከነጭዱ ተፍቆ ወርዶ በአዲስ ይመረጋል። ሊሾው ከታጠበና ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ዘይት ቀለም ቢቀባ የቀረውን ያፍነዋል፤ የውሃ ቀለም ግን ሽታውን አያግድም። ቀለም መቀባት መጨረሻ ነው እንጂ መጀመሪያ አይደለም። ከዚያ የቆርቆሮው ክፍተት በሽቦ ወንፊት ይዘጋ። ከመዝጋታችሁ በፊት ውስጥ ግልገል ድመት አለመኖሩን እዩ፤ ሞቶ የሸተተ እንደሆነ ያን ጊዜ ሽንቱ ይናፍቃችኋል።

ወጪው የማን ነው? እዚህ ላይ ጭቅጭቅ አያልቅም። እኛ የምናየው እንዲህ ነው። ድመቱ ወይም ውሻው የተከራዩ ከሆነ፣ የተበላሸውን ማጽዳትም ማሳደስም የተከራዩ ነው፤ "ድመቷ ለአይጥ ናት" ማለት አያድንም፤ አሸዋ ወይም አመድ የሞላበት ሣጥን ማስቀመጥ ምን ይከብዳል? ወንዱንም በእንስሳት ሐኪም ማስኮላሸት ርጭቱን ይቀንሳል። ነገር ግን በጣራ ክፍተት የሚገባ የመንደር ድመት የተከራይ ድመት አይደለም። ጣራው የማን ነው? ክፍተቱን ያልዘጋው ማን ነው? አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ የሚሆን አድርጎ ማስረከብ ግዴታው ነው፣ ከዚያም መጠገን አለበት። "ካልወደድሽው ውጪ" ማለትም ቀርቷል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ የውሉም ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። አከራዮች "ሁልጊዜ በእኛ ላይ ነው የምትጽፉት" እንደሚሉ እናውቃለን። ብዙዎቹ በጡረታና በዚያችው ኪራይ የሚኖሩ እናቶች መሆናቸውንም እናውቃለን። ግን እኮ አንድ ኮርኒስ አንድ ጊዜ መለወጥ፣ በየዓመቱ ተከራይ እየሸሸ ቤቱ ባዶ ከሚከርም ይረክሳል።

ተከራዮችም ዓይናችሁን ግለጡ። ቤት ስታዩ በርና መስኮቱን አዘጉና ግማሽ ሰዓት ወጥታችሁ ተመለሱ። ወለሉ ጥግ ላይ ትንሽ ሙቅ ውሃ አርከፍክፉና አሽትቱ፤ ሐምሌን በሚያዝያ የምታዩት እንዲህ ነው። ደላላው ከተቆጣ ምክንያት አለው። ኮርኒሱን ቀና ብላችሁ እዩ። ስታስገቡም ሆነ ስትለቁ የቤቱ ሁኔታ፣ ሽታውም ጭምር፣ በውሉ ላይ ይጻፍ።

ያቺ እናት አልወጣችም። አከራይዋ ከብዙ ክርክር በኋላ ኮርኒሱን አስለወጡ፣ ክፍተቱም ተዘጋ። የበሩ አጠገብ ያለው ግድግዳ ግን "በቃ ይበቃል" ተብሎ ሳይፋቅ ቀርቶ ዝናብ ሲጥል አሁንም ይሸታል። ከጥምቀት በኋላ ጭቃው ሲደርቅ እንዲፋቅ ተስማምተዋል፤ እኛም ቆመን እናያለን።

ማኅበሩ ቤት ሲረከቡና ሲለቁ ሁለቱ ወገኖች ከፈለጉ ሁለት አባላት ልኮ አብሮ ያያል፣ ያየውንም ጽፎ ይፈርማል። ሐምራዊውን መብራት ገዝተናል፤ ቅዳሜ ጠዋት ከጽሕፈት ቤቱ ፈርሞ መዋስ ይቻላል፣ ሰኞ ይመለስ። ባትሪ ይዛችሁ ኑ።

የማኅበሩ ጸሐፊ