ከታጣቂው ፖሊስ ጋር የሚገባው ሐኪም፡- ከክራይስትቸርች በኋላ መስጂዶቻችን ያልጠየቁት ጥያቄ

መጋቢት 6 ቀን 2011 (እ.ኤ.አ. ማርች 15/2019) ጁሙዓ ነበር። በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ በሚገኘው አል-ኑር መስጂድ ሰጋጆች ለኹጥባ በተቀመጡበት፣ በአካባቢው ሰዓት ከቀኑ 7፡40 ገደማ፣ አንድ ነጭ ዘረኛ ገብቶ ተኩስ ከፈተባቸው። ከዚያም በመኪናው ወደ ሊንውድ መስጂድ ተሻገረ። በሁለቱ መስጂዶች ላይ በተፈጸመው ጥቃት 51 ሰዎች ተገደሉ፤ 44ቱ በአል-ኑር፣ 7ቱ በሊንውድ። አላህ ሸሂድነታቸውን ይቀበላቸው።

ገዳዩ የመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ለፖሊስ በደረሰ ከ20 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መንገድ ላይ ተይዟል። ፖሊስ በዚህ ፍጥነቱ ብዙ ተመስግኗል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን በመስጂዱ ምንጣፍ ላይ ደማቸው ይፈስ ለነበሩት ሰዎች ዋናው ሰዓት ሌላ ነበር። ለእነሱ ሰዓቱ የሚቆመው ቁስላቸውን የሚያስር እጅ ሲደርስላቸው ነው። ከተረፉትና ከሟች ቤተሰቦች ብዙዎቹ ለዓመታት ሲጠይቁ የኖሩትም ይህንኑ ነው፤ ሕክምና ቶሎ ደርሶላቸው ቢሆን ኖሮ ሊተርፉ የሚችሉ ነበሩን?

የኒውዚላንድ መንግሥት ያቋቋመው የንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ሪፖርቱን ሲያወጣ ይህን ጥያቄ አልመለሰም። ሊመልስም አይችልም ነበር፤ ጥቃቱ ከተጀመረ በኋላ ፖሊስና አምቡላንስ ምን እንዳደረጉ መመርመር ከሥልጣን ወሰኑ ውጭ ተደርጎ ነበርና። ጥያቄው በችሎት መታየት የጀመረው የአሟሟት መርማሪዋ ዳኛ ጥቅምት ወር እ.ኤ.አ. በ2023 ምስክር መስማት ሲጀምሩ ነው፤ ከጥቃቱ አራት ዓመት ተኩል በኋላ ማለት ነው። የፖሊስና የአምቡላንስ ምላሽ፣ የሟቾቹ የመትረፍ ዕድል፣ እንዲሁም የአል-ኑር የአደጋ ጊዜ መውጫ በር በዚያች ሰዓት ተከፍቶ ነበር ወይስ አልተከፈተም የሚለው ሁሉ በዚያ ችሎት የተነሳ ነው።

ይህ ጉዳይ የኒውዚላንድ ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶ ወይም በለንደን በጁሙዓ ቀን በር ላይ ጥበቃ የሚቆምላቸው የሐበሻ ሙስሊሞች ሁሉ ጉዳይ ነው። መስጂዶቻችን ከአካባቢው ፖሊስ ጋር ሲነጋገሩ ስለ ካሜራ፣ ስለ በርና ስለ መኪና ማቆሚያ ያወራሉ። ጥቃት ቢደርስ ታጣቂው ቡድን በስንት ደቂቃ እንደሚመጣም ይጠይቃሉ። ከታጣቂው ጋር ሐኪም ይገባል ወይ ብሎ የጠየቀ ኮሚቴ ግን እስካሁን አላጋጠመንም።

የአምቡላንስ ሠራተኞች የቆየ ደንባቸው ግልጽ ነው፤ ፖሊስ ቦታው ሰላም ነው እስኪላቸው ድረስ ከሩቅ ቆመው ይጠብቃሉ። ደንቡ ያለ ምክንያት የወጣ አይደለም፣ የሞተ ፓራሜዲክ ማንንም አያድንም። ችግሩ ቁስለኛው መጠበቅ አለመቻሉ ነው። ከእግር ወይም ከክንድ ትልቅ የደም ሥር የተመታ ሰው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ደሙ አልቆ ሊሞት ይችላል። አንድን ትልቅ ሕንፃ ክፍል በክፍል ፈትሾ ሰላም ነው ለማለት ደግሞ ሰዓታት ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1999 በኮሎራዶው ኮለምባይን ትምህርት ቤት አንድ መምህር የሆነው ይህ ነው። ተማሪዎቹ አንድ ሰው ደሙ እየፈሰሰ እየሞተ ነው ብለው በሰሌዳ ጽፈው በመስኮት አሳይተው ነበር። የፖሊሱ ልዩ ቡድን የደረሰላቸው ከሦስት ሰዓት ያህል በኋላ ሲሆን መምህሩ ሕይወታቸው አለፈ።

ስዋት በሚል ስም ከሚታወቁት የፖሊስ ልዩ ቡድኖች ጋር ሐኪም የማሰለፍ አሠራር የተስፋፋው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ዕውቀቱ በአብዛኛው ከጦር ሜዳ የመጣ ነው። የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት መመሪያ በተኩስ መሃል የሚደረገውን፣ ከለላ ከተገኘ በኋላ የሚደረገውንና ቁስለኛው ሲጓጓዝ የሚደረገውን ሕክምና ለይተው አስቀመጡ። በተኩስ መሃል የሚደረገው በጣም ጥቂት ነው፤ ቱርኒኬት (ደም ማቆሚያ ማሰሪያ) ጥብቅ አድርጎ አስሮ ሰውየውን ወደ ከለላ መጎተት። ከለላ ሲገኝ ቁስሉ ውስጥ ጨርቅ ይጠቀጠቃል፣ የተበሳ ደረት ይሸፈናል፣ የመተንፈሻ ቧንቧ ይከፈታል። ቀሪው የሆስፒታል ሥራ ነው። ጥይት መከላከያ ለብሶ ከቡድኑ ኋላ የሚሄደው ሐኪም ቦርሳ ውስጥ ያለው ዕቃም ከዚህ ብዙም አይዘልም።

አሠራሩ ሲሳካ ምን እንደሚመስል ፓሪስ አሳይታለች። ኅዳር ወር እ.ኤ.አ. በ2015 በባታክላን የሙዚቃ አዳራሽ 90 ሰዎች በተገደሉበት ሌሊት የፈረንሳይ ፖሊስ ልዩ ቡድኖች የራሳቸው ሐኪሞች ነበሯቸው። ታጣቂዎቹ ገና ፎቅ ላይ ሰው አግተው ሳሉ ሐኪሞቹ ከታች አዳራሹ ውስጥ ገብተው ማን ይቅደም እያሉ ቁስለኛ ለዩ፣ አወጡም። የተለመደው ደንብ ቢከበር ኖሮ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ፎቁ እስኪለቀቅ ድረስ ውጭ ሊጠብቁ ነበር።

በማንቸስተር የታየው ግን ተቃራኒው ነው። በግንቦት እ.ኤ.አ. በ2017 በእስልምና ስም የሚነግድ ነፍሰ ገዳይ በአሬና አዳራሹ ራሱን አፈንድቶ 22 ሰዎች ገደለ፤ ከሟቾቹ ውስጥ ሕፃናት ነበሩ። ምርመራውን የመሩት ዳኛ ሰር ጆን ሳውንደርስ እንዳረጋገጡት ፍንዳታው ወደደረሰበት ክፍል የገቡት ፓራሜዲኮች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ የእሳት አደጋ መኪኖቹ ለመድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጅቶባቸዋል። ከሟቾቹ አንዱ በቂ ሕክምና ቢያገኝ ይተርፍ እንደነበርም በሪፖርታቸው ጽፈዋል። ይህን የምናነሳው ሟቾቹ የእኛ ስላልነበሩ እንዳንዘነጋቸው ነው። የክራይስትቸርች ቤተሰቦች ጥያቄና የማንቸስተር ቤተሰቦች ጥያቄ አንድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳት ነገር አለ። የልዩ ቡድኑ ሐኪም በብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚቀጠረው ለቡድኑ ነው። የቆሰለ ፖሊስ ቢኖር ያንን ያክማል፤ በሥልጠና ጊዜ የሚጎዱትንም የሚከታተለው እሱ ነው። ከተማችን የስዋት ሐኪም አለው ማለት ስለዚህ በመስጂድ የሚወድቀው ሰው ሐኪም አለው ማለት አይደለም። አንድ ሐኪም ወይም ሁለት፣ በአርባ ቁስለኛ መሃል ምን ያህል ሊሠሩ ይችላሉ? በቨርጂኒያ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት አርሊንግተን ካውንቲ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ለዚህ ሌላ መልስ አምጥቷል። የተለመዱት የአምቡላንስ ሠራተኞች ጥይት መከላከያ ለብሰው፣ በፖሊስ ታጅበው፣ ተኩሱ ወዳለፈበት ግን ገና ተፈትሾ ወዳላለቀ ክፍል ይገባሉ። ይህ አሠራር ዛሬ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ተወስዷል። በእኛ አመለካከት ለመስጂድ የሚበጀው ይህ ነው፤ ብዙ እጅ ያስገባልና።

ሐኪም መኖሩም ቢሆን ብቻውን አያድንም። በግንቦት እ.ኤ.አ. በ2022 በቴክሳስ ዩቫልዲ ትምህርት ቤት 376 የፖሊስና የጸጥታ አባላት ተሰብስበው ገዳዩ ያለበት ክፍል የተከፈተው ከ77 ደቂቃ በኋላ ነበር። 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ሞቱ፤ በሩ ሲከፈት በሕይወት የነበሩና በኋላ ያረፉም ነበሩባቸው። ግቡ ብሎ የሚያዝ አዛዥ ከሌለ ሐኪሙ ቦርሳውን ይዞ ኮሪደር ላይ ይቆማል።

አሁን ወደሚከብደው ክፍል እንምጣ። ለብዙዎቻችን ታጣቂ ፖሊስ ወደ መስጂድ መጣ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበን ነፍስ አድን አይደለም። የኒውዮርክ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2014 እስከዘጋው ድረስ መስጂዶችንና የሙስሊም ሱቆችን የሚከታተል ልዩ ክፍል ነበረው። በአገራችንም በግንቦት 2015 በሸገር ከተማ የመስጂዶችን መፍረስ ተከትሎ በተነሳው ተቃውሞ፣ ግንቦት 18ም ግንቦት 25ም፣ በአዲስ አበባ በታላቁ አንዋር መስጂድ አካባቢ ከጁሙዓ በኋላ ሰዎች ሞተዋል፣ ቆስለዋል። ይህን ያየ ጀመዓ ከመሣሪያ ጋር የሚመጣ ሐኪም ሲያይ፣ ይህ ሰው የማን ነው ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ጥያቄው ደግሞ ተራ ጥርጣሬ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በኮሎራዶዋ ኦሮራ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2019 ኢላይጃ ማክሌይን የተባለ የ23 ዓመት ጥቁር ወጣት ከሱቅ ወደ ቤቱ ሲሄድ ፖሊሶች ያዙት። መሣሪያ አልያዘም፣ ወንጀልም አልሠራም። የመጡት ፓራሜዲኮች በወጉ ሳይመረምሩት ለክብደቱ የማይመጥን ብዙ ኬታሚን ወጉት፤ ከቀናት በኋላ ሞተ። ሁለቱ ፓራሜዲኮች በታኅሣሥ እ.ኤ.አ. በ2023 በቸልተኝነት ነፍስ በማጥፋት ጥፋተኛ ተብለዋል። እነዚህ የልዩ ቡድን ሐኪሞች አልነበሩም፣ ተራ የአምቡላንስ ሠራተኞች ናቸው። ነገር ግን ሐኪም ፖሊስ የነገረውን ብቻ ሰምቶ በሽተኛውን ማየት ሲተው ምን እንደሚከተል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ጉዳይ አናውቅም። ከቡድኑ ጋር የሚሠለጥን፣ የሚበላ፣ የሚስቅ ሐኪም ለዚህ ፈተና ይበልጥ ቅርብ ነው።

በጦርነት ጊዜ ለሐኪም ከለላ የሚሰጡት የጄኔቫ ስምምነቶች ለተለመደ የፖሊስ ሥራ የወጡ አይደሉም። ስለዚህ የልዩ ቡድኑ ሐኪም ማንነት ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዱ ጋ ቃለ መሐላ የፈጸመና ሽጉጥ የታጠቀ ፖሊስ ነው፤ ሌላው ጋ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ዶክተር ነው። እኛ የምንመርጠው ለሕክምናው ተጠሪነቱ ለፖሊስ አዛዥ ያልሆነ፣ ለአንድ የሕክምና ኃላፊ የሆነ ሰው ነው። መቼ መግባት እንዳለበት አዛዡ ይወስን። ማን ቀድሞ ይታከም የሚለውን ግን ሐኪሙ ይወስን፤ የቆሰለው ፖሊስም ይሁን ሰጋጅ፣ አጥቂው ራሱም ቢሆን። ቁስለኛው የነገረውም ወደ መርማሪ ማስታወሻ እንዳይሄድ ደንብ ይኑረው።

ሐኪምና መስጂድ ለእኛ እንግዶች አይደሉም። በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉት ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ.) የታከሙት በመዲና መስጂድ ውስጥ በተተከለ ድንኳን ነበር፤ የሲራ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት ድንኳኑ ቁስለኞችን ታክም የነበረችው የሩፈይዳ (ረ.ዐ.) ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እዚያው ይጠይቋቸው ነበር። ዛሬ በየመስጂዳችን ነርስ፣ ዶክተርና ፓራሜዲክ የሆኑ እህቶችና ወንድሞች አሉ፤ በሰፍ ውስጥ ከአጠገባችን ቆመው ይሰግዳሉ። የትኛውም ቡድን እስኪደርስ ድረስ ቁስለኛው ያለው እነሱ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ደም ማቆምን ለተራ ሰው የሚያስተምር ዘመቻ አለ፤ ትምህርቱ ጥቂት ሰዓት ብቻ ይፈልጋል።

በሴቶች በኩል ያለው ጉዳይም ቀድሞ መነገር አለበት። ቁስል ለማግኘት ልብስ ይቀደዳል፤ ጅልባብም አባያም ይቀደዳል። በዶሩራ ጊዜ ባዕድ ወንድ ሐኪም ሴትን ማከም እንደሚፈቀድ ዑለማዎቻችን አስተምረዋል፤ ይህን ኢማሙ በሰላም ጊዜ ቢናገረው በዚያች ደቂቃ የምታመነታ እህት አትኖርም። ከሁሉም የሚሻለው ግን በሴቶች ክፍል የሠለጠኑ ሴቶችና የራሳቸው የሕክምና ሳጥን መኖሩ ነው። ብዙ ጊዜ ሳጥኑ ያለው በወንዶች በኩል፣ በኮሚቴው ቢሮ ውስጥ ተቆልፎ ነው።

ከረመዷን በፊት የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ መስጂዱን ሊጎበኝ ሲመጣ፣ ከቴምሩና ከፎቶው በኋላ፣ ኮሚቴው ሊጠይቀው የሚችለው ብዙ ነገር አለ። ተኩስ ቢሆን ሐኪም ግባ የሚለው ማን ነው? ያ ሰው በሌለበት ቀንስ? የሚገባው ሐኪም የቡድኑ ነው ወይስ ለሕዝቡ የመጣ? የአምቡላንስ ሠራተኞቹ ጥይት መከላከያ አላቸው? ከፖሊስ ጋር አብረው የተለማመዱት መቼ ነው? የሴቶቹ ፎቅ፣ የዉዱእ ቤቱና የኋላው በር ያለበት ካርታ በእጃቸው አለ? ቤተሰብ ስለ ቁስለኛው የሚጠይቀው የት ሄዶ ነው፣ አማርኛ የሚችል ሰውስ ይኖራል? አዛዡ ከመሄዱ በፊት ደግሞ ኮሚቴው የራሱን የኋላ በር ገፍቶ ይሞክረው።