መቀጮው ለመንግሥት፣ ካሳው ለተጎጂ፦ ሆን ተብሎ ለሚደርስ ጉዳት ሕጉ ምን ይላል?

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋማ አካባቢዎች ድንበር ሲገፋ፣ ከብት ሆን ተብሎ በሰው ገብስ ላይ ሲለቀቅ፣ በገበያ ቀን ዱላ ሲነሳ ወይም የሰው ስም ሲጠፋ ነገሩ መጀመሪያ ወደ ሽማግሌ፣ ከበረታም ወደ ፖሊስ ይሄዳል። አጥፊው ሲቀጣ ብዙዎች ጉዳዩ ያለቀ ይመስላቸዋል። የገንዘብ መቀጮው ግን የሚገባው ወደ መንግሥት ካዝና ነው። ተጎጂው ያጣው ሰብል፣ የሕክምና ወጪውና የባከነው የሥራ ቀን በመቀጮው አይተካም።

ይህን የሚመልሰው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። በ1952 ዓ.ም ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም ጀምሮ የጸናው ይህ ሕግ፣ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት ከቁጥር 2027 ጀምሮ ይደነግጋል። መሠረቱ ቁጥር 2028 ነው፦ በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ ጉዳቱን የመካስ ግዴታ አለበት። ጥፋት በቸልተኝነትም፣ ታውቆም ሊፈጸም ይችላል።

ሕጉ በስም ከሚጠቅሳቸው ድርጊቶች መካከል ያለ ፈቃዱ ሰውን መንካት ወይም መምታት (የእጅ እልፊት)፣ የሰውን ነጻነት መንፈግ፣ ስም ማጥፋት፣ ያለ መብት የሰው ቤት ወይም መሬት ውስጥ በኃይል መግባት እና የሰውን ንብረት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መያዝ ይገኙበታል። ራስን በሕጋዊ መንገድ ለመከላከል የተደረገ ግን ኃላፊነት አያስከትልም።

ከብትን በተመለከተ ሕጉ ጠበቅ ይላል። በቁጥር 2071 መሠረት እንስሳው በድንገት አምልጦ እንኳ ጉዳት ቢያደርስ ባለቤቱ ይጠየቃል። የማሳው ባለይዞታም ጉዳት ሲያደርስ ያገኘውን ከብት ለካሳው መያዣ ሊያደርገው ይችላል፤ ለባለቤቱ ግን ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት።

ታዲያ አጥፊው አውቆ ማድረጉ ምን ለውጥ ያመጣል? ለንብረትና ለአካል ጉዳት ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ሕጉ ያዛል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በኅሊና ጉዳት ላይ ነው። በመርሕ ደረጃ የኅሊና ጉዳት በገንዘብ አይካስም፤ ሆን ተብሎ ሲደርስ ግን ፍርድ ቤት ተገቢ ካሳ ሊወስን ይችላል።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ቁጥር 2116 የኅሊና ካሳ ከአንድ ሺህ ብር እንዳይበልጥ ይገድባል። በ1952 ዓ.ም ይህ ገንዘብ ትልቅ ነበር፤ ዛሬ የአንድ በግ ዋጋ አይሞላም። በአንጻሩ በ1996 ዓ.ም የወጣው የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የኅሊና ካሳ ከ100 ሺህ ብር እንዳያንስ ደንግጓል። በሕዝብ ፊት በጥፊ የተመታ አርሶ አደርና መጽሐፉ ያለ ፈቃድ የታተመበት ደራሲ በሁለት ሕጎች የተለያየ ክብር የተሰጣቸው ይመስላል። ጣሪያው ሊሻሻል የሚገባው ለዚህ ነው።

ሌላው አደጋ ጊዜ ነው። የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንስቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (ቁጥር 2143)፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ያለው ወንጀል ከሆነ ያ ጊዜ ይሠራል። የሽምግልና ቀጠሮ ከበዓል ወደ በዓል፣ ከአጨዳ ወደ አጨዳ ሲሸጋገር ይህ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል። ሽማግሌ መቀመጡ ብቻ ቆጠራውን ያቆመዋል ብሎ መተማመን አይገባም።

ይህ ማለት ሽምግልና ይቅር ማለት አይደለም። በአግባቡ የተደረገ የእርቅ ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ የሚጸና ነው። ስለዚህ እርቁ የካሳውን መጠንና የሚከፈልበትን ቀን ለይቶ በጽሑፍ ቢሰፍር፣ ምስክሮችም ቢፈርሙበት ይመረጣል።

አጥፊው በወንጀል ነጻ ቢባልም የካሳው በር አይዘጋም፤ በቁጥር 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔር ችሎት በዚያ ውሳኔ አይታሰርም። አጥፊዎቹ ብዙ ከሆኑም በአንድነትና በተናጠል ይጠየቃሉ።

ስለዚህ ጉዳት የደረሰበት ሰው የሕክምና ማስረጃውንና ደረሰኙን ይያዝ፤ የጠፋውን ሰብል ትኩሱን በምስክር ፊት ያስገምት፤ ቀኑን ይመዝግብ። ቂም ለልጅ ልጅ የሚተርፈው ብዙ ጊዜ ተበዳይ ሳይካስ ሲቀር ነው። በወቅቱ የተጠየቀ ካሳ ግን ለተበዳዩ ፍትሕን፣ ለጎረቤቶቹም ሰላምን ያተርፋል።